ካርባይን፦ ስለ አንዲት ቀላል ጠመንጃና ስለ ባለቤቶቿ

ካርባይን የሚባለው ጠመንጃ ከመደበኛው የእግረኛ ጦር ጠመንጃ ያጠረ፣ የቀለለና በአብዛኛውም አነስ ያለ ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሠራውም ረጅም ጠመንጃ ይዞ በኮርቻ ላይ ለመቀመጥ ለሚቸገረው ፈረሰኛ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ካርባይን ሲባል የቆዩ ወታደሮችና ፖሊሶች የሚያስታውሱት አንድ የተወሰነ መሣሪያ ነው፤ እሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የተፈበረከው፣ ባለ እንጨት ሰደፉ፣ ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ ግራም የማይበልጠውና ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ኤም ዋን ካርባይን ነው። ይኸው ጠመንጃ ዛሬ በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የጥንት መሣሪያ ወዳጆች የሚሰበስቡት፣ የሚጠግኑትና በራሳቸው ምርጫ የሚያሰማምሩት ዕቃ ሆኗል፤ አምሳያው በትንሽ ጥይት እየተሠራም ለዒላማ ተኩስ መለማመጃ ይሸጣል። በኢትዮጵያ የገጠመው ዕጣ ከዚህ የተለየ ስለሆነ፣ ስለ መሣሪያው ባለቤትነት የሚጻፍ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገን ማየት ይኖርበታል።

ከፊል አውቶማቲክ የሚለው መጠሪያ ብዙ ጊዜ ስለሚያምታታ አስቀድሞ ማብራራት ያስፈልጋል። ምንሽር፣ ቤልጅግና በአርበኞች ዘመን የታወቁት ሌሎች ጠመንጃዎች አንድ ጥይት ከተተኮሰባቸው በኋላ ተኳሹ መዝጊያውን በእጁ ስቦ ባዶውን ቀለህ ካላወጣና ሌላ ጥይት ካላጎረሰ በስተቀር ዳግመኛ አይተኩሱም። ከፊል አውቶማቲኩ ይህን የእጅ ሥራ ከተኩሱ በሚያገኘው ኃይል ራሱ ይሠራዋል፤ ምላጩ ሲሳብ አንድ ጥይት ይወጣል፣ ቀለሁ ይወረወራል፣ ተከታዩ ጥይት ወደ ጥይት ቤት ይገባል፣ ሆኖም ጣት ምላጩን ለቅቆ እንደገና ካልሳበው ሁለተኛው ተኩስ አይከተልም። ሙሉ አውቶማቲክ የሚባለው ደግሞ ምላጩ እስከተያዘ ድረስ የሚያርከፈክፈው ነው። ልዩነቱ ጥቂት ብረቶች ብቻ የሚፈጥሩት ቢሆንም፣ በየአገሩ ሕግ ውስጥ በግል ሊያዝ በሚችለውና በማይችለው መካከል ያለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው።

በካርባይኑ ውስጥ ይህን ሥራ የሚያከናውነው ከባሩዱ ቃጠሎ የሚወጣው ጋዝ ነው። በአፈሙዙ ሆድ ላይ በተበሳች ጠባብ ቀዳዳ ጥቂት ጋዝ ወርዶ አንዲት አጭር ፒስተን ይመታል፤ ፒስተኗ የምትንቀሳቀሰው ለጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበታዊ ግፊት ግን ወደ ኋላ የሚወረወረው ተንሸራታች ብረት መዝጊያውን ከፍቶ ቀለሁን ያስወጣል፤ የተጨመቀው ሞላ ደግሞ መልሶ ይዘጋዋል። ይህን አጭር ፒስተን ያፈለቀው ዴቪድ ማርሻል ዊልያምስ የተባለ የሰሜን ካሮላይና ሰው ነው፤ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ወኅኒ ቤት ሳለ በእስር ቤቱ የብረት መሥሪያ ውስጥ የጠመንጃ ሐሳቦቹን ይሞክር እንደነበረ የታወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሆሊውድ ታሪኩን በፊልም ሠርቶታል። ፊልሙ መላውን ካርባይን ለአንድ እስረኛ ቢሰጠውም፣ መሣሪያው በእውነቱ የዊንቸስተር ኩባንያ መሐንዲሶች በኅብረት የሠሩትና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1941 የተቀበለው ነው።

ካሊበር የሚባለው የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት፣ በሌላ አነጋገር የእርሳሱ ውፍረት ልክ ነው። የካርባይኑ ካሊበር 7.62 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ቀለሁ አጭርና ባሩዱ ትንሽ ስለሆነ፣ 7 ግራም ያህል የምትመዝነው እርሳስ በሰከንድ 600 ሜትር ገደማ ፍጥነት ከአፈሙዝ ስትወጣ የምትሸከመው ጉልበት ከክላሽንኮቭ ጥይት አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ከዚህም በታች እጅግ የሚያንሰው ባለ 0.22 ኢንች፣ ማለትም 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት አለ፤ እሱም ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለዒላማ ልምምድና ለትናንሽ አውሬ አደን የሚያገለግል ነው። የእርሳሱ ክብደት 2.6 ግራም ሲሆን፣ የሚያቀጣጥለው ንጥረ ነገር ያለው እንደ ሌሎቹ ጥይቶች በቀለሁ መሐል ሳይሆን በጠርዙ ዙሪያ ነው። ጉልበቱ ከክላሽንኮቭ ጥይት ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ይሁንና ይህ ሰው አይገድልም ማለት እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል፤ በትንሽነቷ ተንቃ በቸልታ የተያዘች ጥይት ያደረሰችው ጉዳት በየአገሩ ብዙ ነው።

ካርባይኑ የታሰበው በግንባር ቀደምትነት ለሚዋጋው እግረኛ አልነበረም። የመድፈኛ፣ የመገናኛ፣ የትራንስፖርትና የስንቅ ክፍል ባልደረቦች፣ እንዲሁም መኮንኖች፣ ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነውን ጋራንድ ጠመንጃ ተሸክመው ሥራቸውን መሥራት ስለሚያዳግታቸውና በሽጉጥ ብቻም ራሳቸውን መከላከል ስለማይችሉ፣ በሁለቱ መካከል የሚውል መሣሪያ አስፈለጋቸው። በጦርነቱ ዓመታት ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ካርባይን ተመረተ፤ አብዛኞቹን አምራቾች ለየት የሚያደርጋቸውም ከዚያ በፊት ጠመንጃ ሠርተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ከአሥሩ ዋና ተቋራጮች አንዱ የጽሕፈት መኪና ሠሪው አንደርውድ፣ ሌላው በኋላ በኮምፒውተር ስሙ የገነነው አይ.ቢ.ኤም.፣ ሦስተኛው በየቡና ቤቱ ሳንቲም ተጨምሮበት ዘፈን የሚያሰማውን የሙዚቃ ሣጥን የሚሠራው ሮክ ኦላ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ብዛት ያመረተው ኢንላንድ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ነበር። የአንዱ ፋብሪካ መዝጊያ በሌላው ፋብሪካ ጠመንጃ ላይ እንዲገጥም ልኩ በጥብቅ የተወሰነ ስለነበረ፣ በጦር ሜዳ የተበላሸውን ለመጠገን ከየትም የተገኘ ዕቃ ይበቃ ነበር። ይህ ለጦሩ ምቾት የታሰበ አሠራር ከ80 ዓመት በኋላ ለሰብሳቢዎች የማያልቅ የእንቆቅልሽ ምንጭ ሆኖላቸዋል።

ኢትዮጵያውያን ከአሜሪካ መሣሪያ ጋር በስፋት የተዋወቁት በኮሪያ ነው። ወደ ኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዘ። ሻለቃው በባሕር ተጉዞ ፑሳን ከደረሰ በኋላ በአሜሪካ መሣሪያዎች ለሳምንታት ሠለጠነና ከ7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። የክብር ዘበኛ ወታደሮች እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት በአብዛኛው በእጅ የሚቀባበለውን ጠመንጃ ስለነበር፣ ጋራንድና ካርባይን ይዘው መሰለፋቸው ከአንድ የመሣሪያ ትውልድ ወደ ሌላው መሸጋገራቸው ነበር። በተከታታይ የዘመቱት ሻለቆች በጠቅላላው 6,037 ሰው አሰልፈው ከ120 በላይ ሲሰዉባቸው፣ በጠላት እጅ አንድም ምርኮኛ አለመተዋቸው የዘመቻው መለያ ሆኖ ይነገራል።

ካርባይኑ በኮሪያ ያተረፈው ስም የተደበላለቀ ነው። የጦር ታሪክ ጸሐፊው ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል እ.ኤ.አ. የ1950 እና የ1951 ክረምትን አስመልክቶ ለአሜሪካ ጦር ባቀረበው ጥናት፣ መሣሪያው በከባድ ቅዝቃዜ እንደሚሰናከልና ከርቀት የማቆም ኃይል እንደሚያንሰው ወታደሮች ማማረራቸውን መዝግቧል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው "ፖርክ ቾፕ ሂል" በተሰኘው መጽሐፉ ለኢትዮጵያውያኑ ቃፊሮችና ለሌሊት ውጊያ ችሎታቸው ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ በከፍተኛ አድናቆት ጽፎላቸዋል። ጠመንጃውን የነቀፈውና የቃኘውን ሰዎች ያደነቀው ብዕር አንድ መሆኑ፣ የመሣሪያ ጥራትና የተዋጊ ጥራት ሁልጊዜ አብረው የማይሄዱ መሆናቸውን ለሚያምን አንባቢ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የጋራ መከላከያ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ መሣሪያ በርዳታ መልክ መግባቱን ቀጠለ። ካርባይንም በዚሁ መንገድ የመንግሥት ንብረት ሆኖ በግምጃ ቤት ተቆጠረ። ስምምነቱ የጸናበት ዘመን ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ሲሆን፣ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከዋሽንግተን ጋር ተቆራርጦ ወደ ሞስኮ ሲዞር የጠመንጃውም ዓይነት አብሮ ተለወጠ፤ በታጠቅ ጦር ሰፈር ለሠለጠነው ሚሊሻና ለመደበኛው ጦር የሶቪየት መሣሪያ በገፍ ገባ። ከዚህ መካከል ኤስ.ኬ.ኤስ. የሚባለው፣ ሲሞኖቭ በተባለው ሩሲያዊ የተነደፈው ጠመንጃም እንደ ካርባይኑ ባለ እንጨት ሰደፍ ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ አሥር ጥይት በሚይዘው ቋሚ ካዝናውና በሚታጠፈው ሳንጃው ይታወቃል። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ ገና ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ ኢትዮጵያ ኢማኑኤል ሆሌክ በቼኮዝሎቫኪያ የነደፈውን ዜድ ኤች 29 የተባለ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በጥቂት ቁጥር ከገዙት አገሮች አንዷ እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም።

ስለ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ሆኖ ለሚያስብ ሰው አንድ ከመንገድ ወጣ ያለ ጉዳይ ማንሣት አይከፋም። አደባባዩ የተሰየመው የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ በተቃወመችውና ለድሉም ዕውቅና በነፈገችው አገር ስም ሲሆን፣ ሜክሲኮ ሲቲም በበኩሏ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላት። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን ለመደበኛ ጦር በማስታጠቅ ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት ውስጥ ይህችው አገር ትገኝበታለች፤ ጄኔራል ማኑኤል ሞንድራጎን የነደፈውንና በስዊዘርላንድ የተመረተውን ጠመንጃ ጦሯ እ.ኤ.አ. በ1908 ተቀብሎታል። የዛሬዋ ሜክሲኮ ግን በጉዳዩ ላይ ጥብቅ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 1972 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕጓ የገጠር ማኅበር አባላትና የእርሻ ሠራተኞች ከከተማ ክልል ውጭ አንድ ባለ 0.22 ኢንች ጠመንጃ ወይም የተወሰነ ዓይነት የአደን ጠመንጃ እንዲይዙ ሲፈቅድላቸው፣ ባለ 0.30 ኢንች፣ ማለትም ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር፣ ካርባይንን በዓይነቱ ጠቅሶ ለጦር ኃይሎች ብቻ አስቀርቶታል። ስለዚህ በመልክ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ጠመንጃዎች በጥይታቸው ልክ ብቻ አንዱ በገበሬ እጅ፣ ሌላው በወታደር ግምጃ ቤት ይውላል ማለት ነው።

መንትዮቹን የወለደው ገበያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ትርፍ ካርባይኖቹን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለተኳሾች ማኅበር አባላት በ20 ዶላር ይሸጥ ስለነበር፣ በጦርነቱ ዘመን የተለማመዱት ሰዎች መሣሪያውን በግላቸው ያዙት፤ ጥይቱ ግን ለተራ ልምምድ ውድ ነበር። በዚህ ጊዜ የጀርመኑ ኤርማ ፋብሪካ መልኩ ካርባይን፣ ጥይቱ 0.22 የሆነ ጠመንጃ አወጣ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ የጣሊያኑ ኪያፓ ተመሳሳዩን ይሠራል። ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሩገር 10/22 ነው። ይህ ጠመንጃ በውስጡ ጋዝና ፒስተን የለውም፤ ጥይቱ ደካማ ስለሆነ የቀለሁ ወደ ኋላ መገፋት ብቻ መዝጊያውን ለመክፈት ይበቃዋል። ሰደፉና አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው ቀለበት ሆን ተብሎ ከካርባይኑ የተቀዳ ሲሆን፣ አፈሙዙ በሁለት ብሎን ብቻ መያያዙ ለጠመንጃው ሁለተኛ ሕይወት ሰጠው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የፋብሪካ መሣሪያ ሳያስፈልገው ሰደፉን፣ አፈሙዙንና ማነጣጠሪያውን እየቀያየረ ለራሱ ቁመትና ዓይን የሚስማማ ሊያደርገው ይችላል። ከ7 ሚሊዮን በላይ የተሸጠውም በአብዛኛው በዚህ ባሕርይው የተነሣ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ዘንድ ጠመንጃን ማሰማመር ሲባል ሁለት እርስ በርስ የሚጻረሩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው መሣሪያውን ወደ ባለቤቱ ማምጣት ነው፤ ሰደፉ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ የዓይን መነጽር የሚቀመጥበት ሐዲድ ይገጠማል፣ የምላጩ ሞላ ይለዝባል። ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ ወደ መሣሪያው የሚሄድበት ነው፤ ካርባይኑ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረውን መልክ ለመመለስ መጣር ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ግምጃ ቤቶች ካርባይኖቹን ፈትተው ሲጠግኑ የአንዱን ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው ስለደባለቁ፣ ዛሬ አንድ ሰብሳቢ የአንደርውድ ጠመንጃ ገዝቶ ሲፈታው የኢንላንድ መዝጊያና የዊንቸስተር ሰደፍ ያገኝበታል፤ ከዚያም ዕቃዎቹ ላይ የተቀረጸውን ጥቃቅን የፋብሪካ ምልክት በአጉሊ መነጽር እያየ ትክክለኛዎቹን ሲፈልግ ዓመታት ይፈጅበታል። በመጀመሪያዎቹ ካርባይኖች ላይ ተጭኖ የሚሠራው የተኩስ መቆለፊያ ቁልፍ ካዝናውን ከሚያስለቅቀው ቁልፍ አጠገብ ስለነበር፣ ወታደሮች በጥድፊያ ተሳስተው ካዝናቸውን መሬት ላይ ይጥሉት ነበር፤ ጦሩም በሚዞር ዘንግ ለወጠው። ፍጹም የሆነውን ጥንታዊ መልክ የሚሻው ሰብሳቢ ግን ያንኑ ያስቸገረ ቁልፍ ፈልጎ መልሶ ይገጥመዋል። ሞኝነት ሊመስል ይችላል፤ ታሪክን ከነስሕተቱ መጠበቅ ግን በሌላም ሙያ የተለመደ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚፈለገው በእንጨቱ ላይ ነው። የካርባይን ሰደፍ ከአሜሪካ ጥቁር ዋልነት እንጨት የተጠረበ ሲሆን፣ በጎኑ ላይ ማንገቻው የሚያልፍበት ረጅም ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ከአንድ ጣት የማትበልጥ የብረት ዘይት መያዣ ትገባና የማንገቻው ጫፍ በእሷ ላይ ይጠመጠማል፤ በዚህ ዓይነት አንዷ ዕቃ ጠመንጃውን የምትቀባውም ማንገቻውን የምትይዘውም ሆናለች። የመጀመሪያዎቹ ሰደፎች ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ ሰፋ ያለ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ሞላላ በመሆኑ ሰብሳቢው የእንጨቱን ዕድሜ በዚህ ይለያል። በሰደፉ ቀኝ በኩል ጠመንጃውን የተቀበለው የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤት ማኅተም በእንጨቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። አዲስ ባለቤት እንጨቱን ለማሳመር በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍገው ይህ ማኅተም ከነታሪኩ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የደረቀ ቅባቱን በለስላሳ ጨርቅ አንሥተው፣ በዘመኑ የነበረውን የተልባ ዘይት በስሱ ደጋግመው እየቀቡ ለሳምንታት ያስጠጡታል። አብረቅራቂ ቫርኒሽ ቀብቶ እንደ ሳሎን ዕቃ ማድረግ በዚህ ሙያ እንደ ነውር የሚቆጠር ነው፤ ተገቢም ነው።

ጠመንጃን ማስጌጥ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ዘመን ጠመንጃ የሚያዘው በጨርቅ ወይም በቆዳ ልብስ ተሸፍኖ ሲሆን፣ ጌታውን ተከትሎ የሚሄደው አሽከር ሽፋኑን የሚያወልቀው ሲያስፈልግ ብቻ ነበር። ዝናር፣ ጌጠኛ ማንገቻ፣ በሰደፉ ላይ የሚመቱ የናስ ምስማሮች የባለቤቱን ማዕረግና ኩራት ያሳያሉ፤ በጀግና ለቅሶም ላይ ፈረሱና ጋሻው ሲወጡ ጠመንጃውም አብሮ ይወጣል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤልጅየም ያስመጧቸው የኤፍ ኤን ጠመንጃዎች በብረታቸው ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ሁሉ ጌጥ ከላይ የሚታይ መሆኑ ነው፤ ማሽኑ የተከበረና ያልተነካ ነበር። በአማራ ገጠር ጠመንጃ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ፣ የወንድነትና የርስት ጠባቂነት ምልክት እንጂ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም፤ ይህም ኢትዮጵያዊውን ባለ ጠመንጃ ከምዕራቡ ዓለም ሰብሳቢ ጋር የሚያመሳስለውንም የሚለየውንም በአንድነት ያሳያል።

ሁለቱ ዓለማት እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባልተጠበቀ ሁኔታ ተገናኙ። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ አስመጪ ኩባንያ በኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች ተከማችተው የነበሩ አሮጌ ጠመንጃዎችን ገዝቶ ለሰብሳቢዎች መሸጥ ሲጀምር፣ ከፈረንሣይ ግራና ከጣሊያን ካርካኖ፣ ከቤልጅግና ከሌሎች ማውዘሮች ጋር ኤም ዋን ካርባይኖችም ነበሩበት። በወዳጅነት ዘመን ከአሜሪካ የመጣው መሣሪያ በሸቀጥነት ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ በአስመጪነት ሕጉ መሠረትም አዲስ ማኅተም ተመታበት። ገዢዎቹ የተቀበሉት በአብዛኛው የደረቀ እንጨት፣ የጠቆረ ብረትና ለአሥርተ ዓመታት የረጋ ቅባት የነበረበት ጠመንጃ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ጥያቄም በየባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተነሣ፦ በአሮጌዎቹ ጠመንጃዎች ሰደፍ ላይ የሚታየው የኢትዮጵያ ጥገና፣ የተሰነጠቀውን እንጨት ያሰረው ሽቦ ወይም ቆርቆሮ ወይም ምስማር፣ ይነሣ ወይስ ይቆይ? ብዙዎች አንሥተው በአዲስ ሰደፍ ተክተውታል። ይህ በታሪክ ዓይን ሲታይ ኪሳራ ነው፤ አንድ ፋብሪካ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመሳሳይ ሰደፍ ሠርቷል፣ የጎጃም ወይም የሸዋ ሰው በእጁ ያሰረው ስንጥቅ ግን ያለው በዚያ በአንዱ ጠመንጃ ላይ ብቻ ነው።

በአገር ውስጥ ጉዳዩ የሚዳኘው በሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማዘዋወርንና መጠገንን በፈቃድ ሥር ያደረገ ሲሆን፣ ቁጥጥሩን የሰጠው ለፌዴራል ፖሊስ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የፈረመችው፣ ስለ ትናንሽና ቀላል የጦር መሣሪያዎች የተደረገው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ደግሞ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን በተለይ ይመለከታል፤ ፈራሚ አገሮች የሲቪል ሰው አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዳይዝ በሕጋቸው እንዲከለክሉ የሚጠይቅ አንቀጽ አለው። ክላሽንኮቭ በየገጠሩ በሚታይበት አገር ይህ አንቀጽ ከወረቀት ርቆ ምን ያህል እንደሄደ አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። መርሑ ግን ግልጽ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው እንደ ቴክሳስ ሰው ካርባይን ገዝቶ በጓሮው እየፈታ የሚያሰማምርበት ሕጋዊ በር የለውም፤ በፈቃድ ለተያዘ ማንኛውም መሣሪያም ቢሆን የሚታወቅበት ምልክትና ቁጥር መፋቅ ወይም የአተኳኮሱን ዓይነት መለወጥ የማሳመር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። በአሜሪካም ቢሆን ልጓም አለ፤ የጠመንጃ አፈሙዝ ከ40.6 ሴንቲ ሜትር በታች ማሳጠር ልዩ ምዝገባ የሚጠይቅ ሲሆን፣ እንደ ካርባይኑ ታናሽ ወንድም እንደ ኤም ቱ ያለ አርከፍካፊ መሣሪያ የሚታየው እንደ መትረየስ ነው።

ካርባይኖቹ በኢትዮጵያ ግምጃ ቤት ተኝተው ለመቆየታቸው አንዱ ምክንያት ጥይታቸው ሳይሆን አይቀርም። ኤስ.ኬ.ኤስ. እና ክላሽንኮቭ አንድ ዓይነት ጥይት ስለሚጋሩ የአንዱ ስንቅ ለሌላውም ይሆናል። የካርባይኑ ጥይት በቁጥር 7.62 ቢባልም ቀለሁ 33 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የክላሽንኮቩ 39፣ የጋራንዱ ደግሞ 63 ነው፤ አንዱ በሌላው ጥይት ቤት ውስጥ አይገባም፣ ከገባም ለተኳሹ አደጋ ነው። የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ የጥይቱም ምንጭ ደረቀና ጠመንጃው ያለ ሥራ ቀረ። አንድ መልካም ነገር ግን ጥይቱ ትቶለት ሄዷል፤ የዚያ ዘመን አብዛኛው የጦር ጥይት ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዝን የሚያዝግ ዝቃጭ ሲተው፣ የካርባይኑ ፒስተን ለመፍታትና ለመወልወል አስቸጋሪ በመሆኑ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የማያዝግ ማቀጣጠያ ተጠቅመውለታል። በዚህም የተነሣ እንጨቱ የተሰነጠቀና ውጩ የዛገ ካርባይን ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከአሥር ፋብሪካ የተሰባሰበ ብረት ሊሆን ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለቤት ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ጠመንጃውን ለባለሙያ ይሰጣል፤ ባለሙያውም በመዝጊያውና በጥይት ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሚፈቀደው ልክ አለመብለጡን በብረት መለኪያ ይፈትሻል።